ፕሬዝዳንቱ ክፍሌን ያዩ ዕለት

ታቦር ሰፈር «ፕሬዝዳንቱ መጡ» ሲባል የሚደነግጥ እንግዳ ብቻ ነው። የእኛ ፕሬዝዳንት አገር የመሩ አይደሉም፤ ፍርድ ቤት የመሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቁልቁለቱን በእግራቸው ወደ መሃል ከተማ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ዳገቱ ከከበዳቸው ከሰው ጋር ተጣበው በባጃጅ ይመጣሉ። «ፕሬዝዳንት» ብሎ የሚጠራቸውን ሰው ሁሉ ያርማሉ። «ፕሬዝዳንት ሥራው ነበር፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ» ይላሉ። የሚሰማቸው ግን የለም።

አንድ ጊዜ ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፈን ከኋላዬ ቆመው ነበር። የቢሮው ሠራተኛ በመስኮት አይታቸው ደንግጣ ወጣች። «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ!» አለቻቸው። እሳቸውም «ተራው እኮ ያንቺ አይደለም ልጄ፤ የእነዚህ ሰዎች ነው። እነሱን ጠይቂ» አሏት። ሁላችንም «ይለፉ፣ ይለፉ» አልን። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ብቻ «እኔስ ቸኩያለሁ» አለች። እኔ በዓይኔ ልበላት ደረስኩ። ፕሬዝዳንቱ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ «እውነቱን የተናገረች እሷ ናት። እናንተ አፍራችሁ ነው የፈቀዳችሁልኝ» አሉን። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን።

በእድራችን ስብሰባ ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት የእድሩ ዳኛ ንግግር አሳምሮ «በዘመናቸው ሁሉ እጃቸው ጉቦ ያልነካ» ብሎ ሲያሞግሳቸው ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እሳቸው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁና ተነሡ። «ጉቦ አለመብላት ዳኛን ከመታሰር ያድነዋል እንጂ አያስመሰግነውም» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ የድንኳን ተራ ደርሷቸው ኖሮ፣ ከጎረምሶቹ እኩል አግዳሚ ወንበር ሲሸከሙ አየኋቸው። የሚተካቸው ሰው ሞልቶ ነበር፤ አልፈለጉም።

እኔ መምህርት ነኝ። ስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሚጥሚጣ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ስሙንም አልጠላውም። ስለ ሐቀኝነት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ፕሬዝዳንቱ አወራላቸዋለሁ። ሰልፉን፣ ጭብጨባውን፣ አግዳሚ ወንበሩን። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። አንድ ነገር ግን ነግሬያቸው አላውቅም፤ በእኚሁ ሰው ችሎት ፊት በሐሰት መስክሬ እንደነበር።

በእኛ ግቢና በጎረቤታችን ግቢ መሃል መንገድ ነበር። ሦስት እርምጃ ያህል የሚሰፋ፣ ከጎረቤታችን በር ተነሥቶ አስፋልቱ ላይ የሚወጣ። ጎረቤታችን ባል የሞቱባቸው የሲዳማ ሴት ናቸው፤ እኛ እማማ ነው የምንላቸው። በልጅነቴ በዚያ መንገድ እየሮጥኩ እሳቸው ቤት እገባ ነበር። ቆጮውን በቅቤ አሽተው ቡርሳሜ ሲሠሩ ሽታው ቤታችን ድረስ ይመጣል፤ ቅቤው በክርኔ እስኪወርድ በእጃቸው ያጎርሱኝ ነበር።

አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ለሰው ደግ ነበር፤ መሬት ላይ ግን ዓይኑ አይጠግብም። እማማ እህታቸው ሞታባቸው ለሐዘን ገጠር ወርደው በከረሙበት ጊዜ መንገዱ አፍ ላይ ቅንጭብ ተከለ። ቅንጭቡ ሽቦ ሆነ፣ ሽቦው ቆርቆሮ ሆነ። እማማ ተመልሰው መጡ፤ መጀመሪያ ለመኑ፣ ኋላ ከሰሱ። አባቴ ምስክር ያስፈልገው ነበር። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከሦስት እህቶቼ ጋር በአንድ ክፍል እተኛለሁ። አባቴ በዚያ ቦታ ላይ ለእኔ ብቻ የምትሆን ክፍል ሊሠራ አስቦ ነበር፤ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚከፈት።

ችሎቱን የያዙት ፕሬዝዳንቱ ራሳቸው ነበሩ። እጄን አንሥቼ ማልኩ። መንገድ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ አጥሩም ከጥንት ጀምሮ እዚያው እንደነበር ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ዛሬም ይገርመኛል። ፕሬዝዳንቱ ወደ እማማ ዞረው «ለምስክሯ ጥያቄ አለዎት?» አሉ። እማማ አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ምንም አላሉም። ፕሬዝዳንቱም አቀርቅረው ጻፉ፤ እኔም ወረድኩ።

ተፈረደልን። ክፍሏ በብሎኬት ተሠራች። ይኸው እስከ ዛሬ እተኛባታለሁ፣ ፈተና አርምባታለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ከመስኮቷ ሐይቁ ይታያል። ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት «አባቴ አዞኝ ነው» እያልኩ ነው። ደግሞ እንደ ፕሬዝዳንቱ ያለ ሰው የፈረደው ፍርድ መቼም ፍርደ ገምድል አይሆንም እል ነበር። ሰው ያታለለውን ሰው እንዴት ያደንቃል አትበሉኝ። እኔ ያን ያህል ያደነቅኳቸው የእሳቸው ሐቀኝነት የእኔን ውሸት እንዲያጥብልኝ ፈልጌ ይመስለኛል።

አምና እማማን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ዊልቼር ላይ ዋሉ። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ መውጫቸው የጓሮ በር ነው፤ ከዚያ ወደ ቦዩ የሚወርድ ደረጃ አለ። ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ልጃቸው በጀርባዋ ተሸክማ ታወርዳቸዋለች፣ ተሸክማ ትመልሳቸዋለች። ልጅ ልበላት እንጂ እሷም የእኔ እኩያ ናት። በክረምት፣ ደረጃው በጭቃ ሲያዳልጥ፣ እናትና ልጅ አብረው ወደቁ። በሳምንቱ ልጅቱ እጇን በፋሻ ጠቅልላ በሬን አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ባጃጅ እስከ በራችን እንዲገባ ያህል ብቻ…» አለችኝ።

«ፍርድ ቤት የጨረሰው ነገር ነው» አልኳትና በሩን ዘጋሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴን ያቃጥለኛል።

እነ እማማ ሽማግሌ ላኩ። በእኛ ሰፈር ወግ አንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ሌላውም አንድ፤ ሦስተኛውን ሁለቱ ተስማምተው ያመጡታል። እማማ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌ መረጡ፤ የሲዳምኛም የአማርኛም አዋቂ የሆኑ ጨዋ ሰው። ሦስተኛው የእድራችን ዳኛ ሆነ። እኔ ማንን የመረጥኩ ይመስላችኋል? ፕሬዝዳንቱን! ራሳቸው የፈረዱትን ፍርድ ራሳቸው አያፈርሱም ብዬ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እኮ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሸሚዛቸውን ኮሌታ እየፈተጉ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አላስታወሱትም። ሳሙናውን አስቀምጠው እጃቸውን አደረቁ።

«የፈረድኩት እኔ ከሆንኩ ሽማግሌ ልሆን አይገባኝም» አሉ። «ለፍርዴ እየተከራከርኩ እንዴት አስታርቃለሁ?»

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ነው የማምነው» አልኳቸው። ምን ዓይነት ድፍረት ነበር!

«አንቺማ ታምኚኛለሽ፤ ተፈርዶልሻላ። የምጠይቀው የተፈረደባቸውን ነው። ደግሞ ቦታውን ሳላይ አልቀመጥም።»

ያሉትን አደረጉ። በዚያው ዕለት እማማ ቤት በጓሮው ደረጃ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ወጥተው «የፈረድኩብዎ ሰውዬ እኔ ነኝ፤ በሽማግሌነት ልቀመጥ ይፈቅዱልኛል?» ብለው ጠየቁ። እማማም ይምጡ አሉ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ፍርድ ቤት ሄደው የድሮውን መዝገብ አስወጥተው አነበቡ። በዚያ ቤት ስማቸውን የማያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ማመልከቻ ጽፈው በረንዳው ላይ ጠበቁ አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን መጥተው ክፍሌን ለማየት ጠየቁኝ። አስገባኋቸው። ከአልጋዬ እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ በእርምጃ ለኩ፤ ሦስት ሆነ። መስኮቱን ከፍተው ወደ አስፋልቱ አዩ፤ ዞረው ከግድግዳው ወዲያ የእማማን በር የሚያዩ ይመስል ግድግዳውን አዩ። ሲወጡ «ጥሩ ክፍል ነው፤ ብርሃን አለው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እኔ ቁጡዋ፣ ባለ ምላሷ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እነ እማማም ከጸሎት ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። የእማማ ዊልቼር ከጓሮ ደረጃው በሰው ሸክም ወርዶ፣ በዋናው መንገድ ዞሮ ነው የመጣው። በሁለት ቤቶች መሃል ያለው አንድ ግድግዳ ሲሆን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሁሉም አየ።

የእድሩ ዳኛ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ሊጀምር ሲል ፕሬዝዳንቱ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ አስቀድሜ የምናገረው አለኝ» አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እማማ በራሳቸው ቋንቋ ይስሙኝ፤ ይተርጎምላቸው።» የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወደ እማማ ጠጋ አሉ። ፕሬዝዳንቱ አንድ ዐረፍተ ነገር እየተናገሩ፣ እስኪተረጎም እየጠበቁ ቀጠሉ።

«መዝገቡን አነበብኩት። በእኔ እጅ ጽሑፍ ‹ከሳሽ ለምስክሯ መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም ብላለች› ይላል። እሳቸው እንዲህ አላሉም። ዝም ነው ያሉት። እሳቸው ያላሉትን ቃል እኔ በአፋቸው አስገባሁ። አስተርጓሚ ይፈልጉ እንደሆን አልጠየቅኩም። ምስክሯ የተከሳሽ ልጅ መሆኗን እያወቅኩ በእሷ ቃል ብቻ ፈረድኩ። ቦታውን መጥቼ አላየሁም። ረቡዕ መጥቼ አየሁት፤ ያኔ መጥቼ ቢሆን ኖሮ እደርስበት ነበር፤ አዲስ የታጠረ አጥር የማይለይ ሰው የለም።»

የእድሩ ዳኛ ጨነቀው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ማናችንም ሰምተን አናውቅም። «ጋሼ፣ ያኔ እኮ የመዝገቡ ብዛት መከራ ነበር። አንድ ሰው ስንቱን ይችላል?» አለ፤ ሊያወጣቸው ፈልጎ ነው።

«መዝገብስ ብዙ ነበር» አሉ ፕሬዝዳንቱ። «ግን በዚያው ሳምንት የአንድ ባለ ሆቴል የወሰን ክርክር ነበረኝ፤ ለእሱ ቦታው ድረስ ሄጃለሁ። ጊዜ አጣሁ ካልኩ ዛሬም ልዋሽ ነው። ለእሱ ሄድኩ፣ ለእሳቸው አልሄድኩም። ይኸው ነው።»

ይህን ብለው ተነሡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ ሽማግሌ ወደ ዊልቼሩ ሄደው ጎንበስ አሉና የእማማን ጉልበት ያዙ። «አልበደልኩም አልልም፤ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እንባው ይመጣል ይባላል። እኔ እንባም አልመጣልኝ፤ በሰውነቴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ይህን ሰው ለስንት ዓመት ለተማሪዎቼ ሳወራ፣ ሰልፍና አግዳሚ ወንበር ብቻ እያነሣሁ፣ እንደ ትንሽ ሰው ሳወራቸው ኖሬአለሁ ለካ!

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ምስክሯስ?» አሉ።

ፕሬዝዳንቱ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ ነበር። ወደ እኔ አላዩም። «ምስክር ይሳሳታል፣ ይዋሻል፣ ይፈራል። ያንን መመርመር የእኔ ሥራ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ዛፍ ሥር ተቀምጠን አናፈርስም። ክፍሉ በወረቀት ያንቺ ነው። እኛ ልናዝሽ አንችልም፤ ልንለምንሽ እንጂ። እምቢ ብትዪም ማንም አይከስሽም።»

ለቀቁኝ ማለት ነው። አንዲት «አይሆንም» ብዬ ክፍሌን ይዤ ልሄድ እችላለሁ። በእውነት ያን ጊዜ ተናደድኩባቸው። ምነው ቢጮሁብኝ! ምነው «ዋሽተሻል» ቢሉኝና ብጣላቸው!

እማማ በሲዳምኛ መናገር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በቀኝ እጃቸው ግራ እጃቸውን እየደገፉ። ሽማግሌው እማማ እስኪጨርሱ አዳመጡ። ከዚያ ተረጎሙ።

«‹ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ግን የሠሩት ጥፋት እርስዎ ካሉት ያንሳል› ይላሉ። ‹ያን ቀን የተባለው ሁሉ ገብቶኝ ነበር። ጥያቄም ነበረኝ። ግን ልጅቱ በእጄ የጎረሰች ናት። ብጠይቃት ሁለተኛ ትዋሻለች። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እግዚአብሔር ፊት አላስዋሻትም ብዬ ነው ዝም ያልኩት› ይላሉ።»

ፕሬዝዳንቱ ባርኔጣቸውን በጣታቸው እያዞሩ ቆዩ። «ይህንንም አላወቅኩም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አማርኛው አልገባቸውም ብዬ ነበር የማስበው። እሱም የእኔ ንቀት ነው። እንደገና ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታ በሚጠይቁበት ነገር ላይ ሌላ ይቅርታ ጠየቁ። ትንሽ እንኳ አልከበዳቸውም። ሰው እውነት ሲናገር መሬት ተከፍታ አትውጠውም ማለት ነው፤ ሲናገሩ አየኋቸው፣ ይኸው ተቀምጠዋል፣ እንዲያውም ቀሏቸዋል። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። እማማ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ቀኝ እጄን ላነሣ ቃጣኝና ተውኩት።

«እማማ፣ ያን ቀን ያልጠየቁኝን አሁን ይጠይቁኝ» አልኩ።

እማማ ወደ አስተርጓሚው አላዩም። በአማርኛ ነው የጠየቁኝ።

«መንገዱ ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«ነበረ። በእሱ ነበር ወደ እርስዎ የምመጣው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የእድሩ ዳኛ እፎይ ብሎ ሊመርቀን ሲነሣ እማማ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አስቀመጡት። አንድ ጥያቄ ይቀራቸው ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ርኅራኄ ነው እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«አባትሽ ነው አይደል ዋሺ ብሎ ያስገደደሽ?»

ሁሉም አዩኝ፤ ሁሉም እንደ እማማ በርኅራኄ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «አዎ» ብል ማን ይጠይቀዋል? እማማ መውጫ እየሰጡኝ ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ለፕሬዝዳንቱ እንደሰጠው ዓይነት። ፕሬዝዳንቱን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

«አይደለም እማማ» አልኩ። «አባቴ ‹ካልፈለግሽ ይቅር› ብሎኝ ነበር። ክፍሉን የፈለግኩት እኔ ነኝ።»